አርባ ኮምፒውተር ወይስ አንድ ሰርቨር? ዴስክቶፕ ቨርችዋላይዜሽን ለሰሜን ሸዋ ድርጅቶች የሚያዋጣው መቼ ነው

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ ለጥገና በምሄድባቸው መሥሪያ ቤቶች የሚቀርብልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ሆኗል። ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የተሠሩትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕም ይጠይቃል። ስለዚህ ትናንት ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራምና ኤክሴል ያለ እንከን ሲያሠራ የቆየው ኮምፒውተር ዛሬ ጊዜው አልፎበታል ተብሏል። ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ኮምፒውተር በአዲስ መተካት፣ አለዚያም ዴስክቶፕ ቨርችዋላይዜሽን የሚባለውን፣ ማለትም የሁሉንም ሠራተኛ ሥራ በአንድ ሰርቨር (ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በሚያገለግል ትልቅ ኮምፒውተር) ላይ የሚያሠራውን መንገድ መመርመር ይኖርበታል። ሻጩን ቢያማክር ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ምክር ከድርጅቱ ፍላጎት ይልቅ በመጋዘኑ ካለው ዕቃ ጋር የሚስማማ ነው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ሠራተኞቹ በአንድ ግቢ ተቀምጠው፣ አንድ ዓይነት ፕሮግራም የሚጠቀሙና ቁጥራቸው ከሃያ አምስት ወይም ከሠላሳ የሚበልጥ ከሆነ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ የሚቀመጥ የጋራ ሰርቨር ወጪውን ይመልሳል። ከዚያ በታች ለሆነ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ አይመልስም። ከውጭ አገር ዳታ ሴንተር በየወሩ የሚከራይ ዴስክቶፕ ደግሞ፣ ኋላ ከምጠቅሰው አንድ ሁኔታ በስተቀር፣ ለአካባቢያችን ድርጅት የሚያዋጣ ሆኖ አላገኘሁትም። በደብረ ብርሃን ወይም በሸዋ ሮቢት ሒሳቡን የሚወስኑት መብራቱ፣ መስመሩና የዶላር ዋጋ ሲሆኑ፣ በሻጮች ብሮሹር ላይ በብዛት የሚጻፉት ጥቅሞች ከእነዚህ በኋላ ይመጣሉ።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ነገሮች

በቨርችዋላይዜሽን ሠራተኛው ፊት ያለው መሣሪያ ሥራውን አይሠራም። ፕሮግራሙ የሚሠራውም ሰነዱ የሚቀመጠውም ሰርቨሩ ላይ ነው፤ በኬብሉ ላይ የሚመላለሰው የኪቦርድና የማውዝ ትእዛዝ ወደዚያ፣ የስክሪን ምስል ደግሞ ወደዚህ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ቲን ክላየንት የሚባለው የመጽሐፍ ያህል ሣጥን ቢቀመጥ ወይም ዕድሜው የገፋ ኮምፒውተር ቢቀመጥ ፍጥነቱ ብዙም አይለያይም።

አንደኛው ዓይነት አንድ ዊንዶውስ ሰርቨር ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚከፈትበት ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስ ብሎ ይጠራዋል። እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ መግቢያ ስም ገብቶ የራሱን ዴስክቶፕ ያያል፤ ከሥር ያለው ሲስተም ግን አንድ ነው። ሁለተኛው ቪዲአይ የሚባለው ነው፤ በዚህኛው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ሙሉ ዊንዶውስ ያለው ቨርችዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር ብቻ የተሠራ ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ውስጥ ይፈጠርለታል። ሲትሪክስና ሆራይዘን የሚታወቁት በዚህ ነው። ሦስተኛው ኪራይ ነው፤ እንደ ዊንዶውስ 365፣ አዙር ቨርችዋል ዴስክቶፕና አማዞን ወርክስፔስስ ያሉት በዚህ ይመደባሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በራም ብቻ እንኳ ግልጽ ሆኖ ይታያል። ለቢሮ ሥራ በጋራ ሰርቨር ላይ ለአንድ ሰው 2 ጊጋባይት ቢያዝ፣ ለአርባ ሰው 80፣ ለሲስተሙ መጠባበቂያ ተጨምሮበት ደግሞ 96 ጊጋባይት ይሆናል፤ 128 ጊጋባይት ያለው አንድ ሰርቨር በምቾት ይይዘዋል። በቪዲአይ ግን እያንዳንዱ ቨርችዋል ማሽን ሙሉ ዊንዶውስ 11 ስለሚሸከም፣ ለአንዱ 8 ጊጋባይት ቢሰጠው አርባው 320 ጊጋባይት ይጠይቃል። ሻጭ «ቨርችዋላይዜሽን እናስገባላችሁ» ሲል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከሁለቱ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ነው።

ሒሳቡን በኮምፒውተር ዋጋ መሥራት

ዋጋ በብር አልጽፍም። ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የኮምፒውተር ዕቃ ፕሮፎርማ ቶሎ ስለሚያረጅ፣ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ከወራት በኋላ አሳሳች ይሆናል። የሚሻለው ሁሉንም ነገር በአንድ አዲስ ዴስክቶፕ ዋጋ መለካት ነው፤ ሁሉም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በመሆኑ ዶላሩ ሲወጣ በአንድነት ይወጣል፣ በመካከላቸው ያለው ዝምድና ግን ብዙም አይናጋም።

ለምሳሌ ያህል ሰርቨሩ ከዩፒኤሱና (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ከሚያቆየው መሣሪያ) ከመጠባበቂያ ዲስኩ ጋር የአሥራ አራት ዴስክቶፕ ዋጋ ነው እንበል። አንድ ቲን ክላየንት የዴስክቶፕን ዋጋ 35 በመቶ፣ ለአንድ ሰው የሚከፈለው ላይሰንስ ደግሞ 25 በመቶ ይወስዳል እንበል። ያን ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ የሚቀረው ቁጠባ 40 በመቶ ብቻ ስለሚሆን፣ ሰርቨሩ ዋጋውን የሚመልሰው አሥራ አራት ለ0.40 ሲካፈል፣ ማለትም በሠላሳ አምስት ጠረጴዛ ነው። በእጅ ያሉት አሮጌ ኮምፒውተሮች ሊኑክስ የሚባለው ነፃ ሲስተም ተጭኖባቸው እንደ ቲን ክላየንት እንዲያገለግሉ ከተደረገ ግን በየጠረጴዛው 75 በመቶ ስለሚተርፍ፣ ሚዛኑ ወደ አሥራ ዘጠኝ ጠረጴዛ ይወርዳል። ከላይ ሃያ አምስት ወይም ሠላሳ ያልሁት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ነው። አንባቢው የራሱን ፕሮፎርማዎች ይዞ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በራሱ ቢተካ፣ የእኔን ግምት መቀበል አያስፈልገውም። አሮጌዎቹን ማሽኖች በዊንዶውስ 10 እንደያዙ መተው ግን ድጋፍ የተቋረጠበትን ሲስተም ከኔትወርኩ ጋር እንደተገናኘ ማቆየት ስለሆነ አይመከርም።

ከዚህ ሒሳብ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሁለተኛው ሰርቨር ነው። አንድ ዴስክቶፕ ሲበላሽ አንድ ሰው ሥራ ይፈታል፤ አንድ ሰርቨር ሲበላሽ አርባው ይፈታል። ደንበኛ ሁሉ የሚያውቃት «ሲስተም የለም» የምትለው ቃል በአንድ ጊዜ በሁሉም መስኮት ትሰማለች። የኃይል ሰጪ ክፍሉ ቢቃጠል መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ተገኝቶ፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ተገጥሞ እስኪነሳ ድረስ አንድ ቀን ማለፉ አይቀርም፤ ዕቃው በገበያ ከሌለ ደግሞ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ሁለተኛ ሰርቨር ሲጨመር አሥራ አራቱ ሃያ አራት ቢሆን፣ በአሮጌ ኮምፒውተሮች የሚደረገው ሚዛን ወደ ሠላሳ ሁለት ጠረጴዛ፣ በአዲስ ቲን ክላየንቶች የሚደረገው ደግሞ ወደ ስልሳ ይወጣል። ሁለተኛ ሰርቨር መግዛት የማይችል ድርጅት ቢያንስ ባለ ሁለት ኃይል ሰጪ ሰርቨርና እርስ በርስ የሚተካኩ ዲስኮች ይግዛ፤ ሦስት ወይም አራት ሙሉ ኮምፒውተሮችንም ለክፉ ቀን ያስቀር።

መብራት ሲሄድ

ለእኔ በዚህ አካባቢ የቨርችዋላይዜሽን ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። በአንድ የንግድ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ተቀምጬ ሳለሁ መብራት ጠፋ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ሃያ ሰባት መስመር ያለው የግዢ ቫውቸር እያስገባች ነበር፤ ስክሪኑ ጨለመ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ጥቂት ደቂቃ አለፈ። ቲን ክላየንቱ ተነስቶ እንደገና ስትገባ ቫውቸሩ ጠቋሚው በነበረበት በሃያ ሰባተኛው መስመር ላይ ተከፍቶ ጠበቃት። የጠፋው መስኮቱ ብቻ ነበር፤ ሥራው በሌላ ክፍል፣ በዩፒኤስ ላይ በቆመው ሰርቨር ውስጥ ሳይቋረጥ ቆይቷል። በተለመደው አሠራር ይህን ለማግኘት አርባ ትንንሽ ዩፒኤስ መግዛት፣ ባትሪዎቻቸውንም በየሁለት ሦስት ዓመቱ መቀየር ይጠይቃል። እዚህ ግን ለሰርቨሩና ኬብሎቹን ለሚያገናኘው ስዊች አንድ ጥሩ ዩፒኤስ ይበቃል።

ፒችትሪን ለሚጠቀሙ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። ፒችትሪ በተለመደው ኔትወርክ ሲሠራ የድርጅቱ ዳታ በአንድ ማሽን ተቀምጦ ሌሎቹ በኬብል እየደረሱ ይከፍቱታል፤ በመሐል አንዱ ኮምፒውተር በድንገት ሲጠፋ ፋይሉ ሳይዘጋ ስለሚቀር የመበላሸት አደጋ አለ። በጋራ ሰርቨር ሲሆን ፕሮግራሙም ዳታውም አንድ ቦታ ስለሆኑ በኬብሉ የሚያልፈው ምስል ብቻ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ የፒችትሪ እትም የሚፈቅደው የተጠቃሚ ቁጥር የተወሰነ ነው፤ የያዙት እትም በዚህ መንገድ እንዲሠራ መፈቀዱንም ሳያረጋግጡ ሰርቨር መግዛት ከንቱ ወጪ ነው።

በኤሌክትሪክ ፍጆታ የሚነገረው ቁጠባ እውነት ቢሆንም ሁልጊዜ አይገኝም። አንድ ዴስክቶፕ ያለ ሞኒተሩ 60 ዋት፣ ቲን ክላየንት 10 ዋት፣ ሰርቨሩ 400 ዋት ይወስዳል ብንል፣ አርባ ዴስክቶፕ 2,400 ዋት ሲጠይቅ አርባ ቲን ክላየንት ከሰርቨሩ ጋር 800 ዋት ይበቃቸዋል። በቀን ስምንት ሰዓት፣ በወር ሃያ ስድስት ቀን ሲሠራ ልዩነቱ ወደ 333 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል፤ ይህ በጄኔሬተር ነዳጅም ሆነ በጄኔሬተሩ መጠን ላይ የሚታይ ነው። ሰርቨሩ ሌሊቱንና እሑድን ሙሉ በዚያው ፍጆታ እንደበራ ከዋለ ካደረ ግን 205 ያህሉን ራሱ ይበላዋል። አሮጌዎቹን ኮምፒውተሮች እንደ ቲን ክላየንት የሚጠቀም ድርጅት ደግሞ እነርሱ እንደ ቀድሞው መብራት ስለሚወስዱ የግዢውን እንጂ የኤሌክትሪኩን ቁጠባ አያገኝም። ሻጮች ሁለቱን ቁጠባዎች ደምረው በአንድ ሠንጠረዥ ሲያቀርቡ አይቻለሁ፤ ከአሮጌ ማሽን የሚገኘው ሙሉ የግዢ ቁጠባና የኤሌክትሪኩ ቁጠባ ግን አብረው አይገኙም።

ከፍታና ሙቀት

ሰርቨሩ የሚቀመጥበት ክፍል በሰሜን ሸዋ እንደየወረዳው ይለያያል። ለሰርቨር ክፍል የሚመከረው ሙቀት ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰርቨር ማቀዝቀዣ መግዛት በአብዛኛው አላስፈላጊ ወጪ ነው፤ አቧራ የሚከለክል ማጣሪያ ያለው የአየር ማስገቢያና ማስወጫ ይበቃል። በቆላዋ ሸዋ ሮቢት ግን የአየር ማቀዝቀዣው፣ የሚወስደው መብራትና በጄኔሬተሩ ላይ የሚጨምረው ጫና ከመጀመሪያው በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት። ይህ ሲደመር የሸዋ ሮቢት ሚዛን ከደብረ ብርሃን ከፍ ማለቱ አይቀርም።

ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። ብዙ ሰርቨሮች የሚፈቀድላቸው የሥራ ከፍታ እስከ 3,050 ሜትር ነው፤ ከ900 ሜትር ገደማ በላይ ደግሞ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ የሚችሉት ከፍተኛ ሙቀት እየቀነሰ ይመጣል። ደብረ ብርሃን በዚህ ወሰን ውስጥ ናት፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆኑት እንደ መሐል ሜዳ ያሉ የመንዝ ከተሞች ግን ወሰኑ ላይ ወይም ከወሰኑ በላይ ናቸው። የተለመደው ሃርድ ዲስክ የማንበቢያ ጫፉ በስስ የአየር ንጣፍ ላይ ስለሚንሳፈፍ ይኸው ገደብ አለው። በነዚህ ቦታዎች ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ፣ መጠቀም ግድ ነው፤ የሰርቨሩ ዋስትና በዚያ ከፍታ መጽናቱንም ከሻጩ በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል። ኤስኤስዲ ለሌላም ነገር ይጠቅማል፦ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ አርባ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ያለ ሰርቨር ይጨናነቃል።

በጋራ ሰርቨር ላይ ቀድመው መታየት ያለባቸው ነገሮች

ላይሰንሱ ሦስት ንብርብር አለው፦ የዊንዶውስ ሰርቨሩ፣ ሰርቨሩን ለሚደርሱ ሰዎች ወይም መሣሪያዎች የሚገዛው የመዳረሻ ፈቃድና ከዚያ በላይ ለሪሞት ዴስክቶፕ የሚከፈለው የመዳረሻ ፈቃድ። የመጨረሻው ሳይገዛም ሲስተሙ ለ120 ቀናት ስለሚሠራ ብዙ ሰው ይዘናጋል። አንድ ጫኝ ሥራውን አስረክቦ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ በአራተኛው ወር ማለቂያ፣ ደመወዝ በሚሠራበት ዕለት፣ ማንም መግባት ያልቻለበትን ድርጅት ለመርዳት በሌሊት ተጠርቼ አውቃለሁ። የተበላሸ ነገር አልነበረም፤ የሙከራው ጊዜ አልቆ ነው። በውሉ ላይ «የሪሞት ዴስክቶፕ ላይሰንስ ይህን ያህል» የሚል መስመር ከሌለ ርክክቡ አልተፈጸመም ብሎ መያዝ ይሻላል።

የአማርኛ አጻጻፍም ችላ ይባላል። ፓወር ግዕዝም ሆነ ኪይማን መጫን ያለበት ጠረጴዛው ላይ ባለው ሣጥን ሳይሆን በሰርቨሩ ላይ ነው፤ ድሮ በዩኒኮድ ባልሆነ ፊደል የተጻፉ ደብዳቤዎች ካሉም ፎንቶቹ አብረው መሄድ አለባቸው። ፕሪንተሮች ደግሞ ትዕግሥት ይፈትናሉ። ሪባን የሚጠቀመው ኤፕሰንና የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ በድሮው ሲሪያል ገመድ የሚገናኙ ከሆነ፣ ብዙ ቲን ክላየንቶች ያ መሰኪያ የላቸውም፤ ስለዚህ የካሸሯን መስኮት በሙሉ ኮምፒውተር መተው ብዙ ጊዜ ርካሹ መፍትሔ ነው። ንድፍ የሚሠሩ መሐንዲሶችም ያለ ግራፊክስ ካርድ በጋራ ሰርቨር ላይ መቀመጥ የለባቸውም፤ በቪዲዮ ስብሰባ ውሎ የሚያድር ሥራ አስኪያጅም እንዲሁ። ከአርባ ሠራተኛ ሠላሳ ሁለቱን በሰርቨር፣ ስምንቱን በራሳቸው ኮምፒውተር ማድረግ ነውር የለበትም።

ኪራዩና ቪዲአይ

የኪራይ ዴስክቶፕ ሰርቨር ከመግዛት፣ ከመጠገንና ከማቀዝቀዝ ያድናል። ችግሩ ክፍያው በየወሩ በዶላር መሆኑ ነው፤ የድርጅቱ ገቢ በብር ከሆነ ዕዳው በየጊዜው ያድጋል፣ አንድ ወር ክፍያው ከዘገየም ዴስክቶፑ ይዘጋል። ሁለተኛው ችግር መስመሩ ነው። ማይክሮሶፍት መካከለኛ የቢሮ ሥራ ለሚሠራ አንድ ሰው 3 ሜጋቢት በሰከንድ ይመክራል፤ ለአርባ ሰው 120 መሆኑ ነው። ትእዛዙ ደርሶ ምላሹ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜም ከ150 ሚሊሰከንድ በታች እንዲሆን ይመክራል። ማይክሮሶፍት በአፍሪካ ያሉት የአዙር ዳታ ሴንተሮች በደቡብ አፍሪካ ስለሆኑ፣ በአፍሪካ ያለውን የመረጠ ድርጅት ከደብረ ብርሃን የሚነካው እያንዳንዱ ቁልፍ ጆሐንስበርግ ደርሶ ይመለሳል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ደብዳቤ መጻፍ እንኳ አይቻልም። የሠራተኞችንና የደንበኞችን የግል መረጃ ወደ ውጭ አገር ማሳለፍም በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚታይ ጉዳይ በመሆኑ የሕግ ባለሙያ ማማከርን ይጠይቃል። ያልሁት አንድ ሁኔታ ይህ ነው፦ ዋና መሥሪያ ቤቱ ውጭ አገር ሆኖ ክፍያውን በዶላር የሚፈጽም፣ በየወረዳው የተበተኑ ጥቂት ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ከሆነ ኪራዩ ሊስማማው ይችላል።

በራስ ግቢ ስለሚተከል ቪዲአይ ብዙ የምለው የለኝም። ብሮድኮም በኅዳር 2016 ዓ.ም. የቨርችዋል ማሽን ሶፍትዌር የሚሠራውን ቪኤምዌርን ከጠቀለለ በኋላ አንዴ ተገዝቶ ለዘለዓለም የሚያገለግለው ላይሰንስ ቀርቶ በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ ተተክቷል፤ እንደ ፕሮክስሞክስ ያሉ ነፃ አማራጮች ቢኖሩም ለዊንዶውሱ የሚከፈለው ለብቻው አለ። ተማሪዎቹ በየቀኑ የሚያበላሹትን ማሽን በማግሥቱ አዲስ አድርጎ መስጠት ለሚፈልግ የኮሌጅ ላቦራቶሪ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ለንግድ ድርጅት ግን በጋራ ሰርቨር የማይገኝ ነገር ሲሰጥ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።

ተራው ኮምፒውተር የሚሻልበት

አሥር ወይም አሥራ አምስት ሠራተኛ ያለው ድርጅት፣ በዓለም ከተማም ይሁን በደብረ ሲና፣ ጥሩ ኮምፒውተር ገዝቶ ቢቀጥል ይሻለዋል። ሰርቨር የሚያውቅ ባለሙያ በአካባቢው ከሌለ ደግሞ ቁጥሩ ሠላሳ ቢደርስም ምክሬ ያው ነው፤ ኮምፒውተር የሚያስተካክል ልጅ በየከተማው ይገኛል፣ ሰርቨር የሚያነሳ ግን አይገኝም። ከትልቁ የኮምፒውተር ሣጥን ይልቅ ትንንሾቹን ሚኒ ኮምፒውተሮች መምረጥ የመብራቱን ቁጠባ ጥሩ ድርሻ ያለ ሰርቨር ያስገኛል። ሰነዶቹ በአንድ የጋራ ማስቀመጫ ላይ ሆነው በየምሽቱ ወደ ሁለተኛ ዲስክ ቢገለበጡና ያ ዲስክ በሌላ ሕንፃ ቢያድር፣ ሰዎች ቨርችዋላይዜሽንን የሚመኙበት ዋናው ምክንያት፣ ማለትም የዳታ መጥፋት ስጋት፣ በጥቂት ወጪ ይወገዳል።

በመካከል ያለ፣ ማለትም ከሃያ እስከ ሠላሳ አምስት ጠረጴዛ ያለው ድርጅት፣ ከመግዛቱ በፊት ይሞክር። 32 ጊጋባይት ራም ያለው አንድ ጠንካራ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ሰርቨርን በሙከራ ጊዜው ጭኖ፣ ከሒሳብ ክፍል አምስት ሰው በአሮጌ ማሽኖቻቸው በኩል ለአንድ ሙሉ ወር ያሠራ። ወሩ የደመወዙንና የወር መዝጊያውን ቀን የያዘ ይሁን። አንድ ቀን፣ አስቀድሞ ለክፍሉ ኃላፊ ብቻ ተነግሮ፣ ሠራተኞቹ በሥራ ላይ ሳሉ የክፍሉን መብራት ከቆጣሪው ላይ ያጥፉትና ስንቱ ሰው ሥራውን ካቆመበት እንዳገኘው፣ ለመመለስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት፣ የትኛው ፕሪንተር እንዳልተነሳ በወረቀት ይመዝግቡ። ፕሮፎርማ መሰብሰብ የሚጀመረው ያ ወረቀት ከተሞላ በኋላ ነው።